የማግኔት ለኪዋ የ«እስቲ እንደገና» የሕይወት ታሪክ

በቤተሰብ «እስቲ እንደገና» እየተባሉ የሚጠሩት የማግኔት ለኪ፣ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የካቲት 11 ቀን 1955 ዓ.ም. ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፈሪ ነበሩ። ይህን በዚህ ቀን ማንሳት ነውር የሚመስለው ይኖር ይሆናል፤ እሳቸው ያልደበቁትን ግን ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ሊደብቀው አይገባም። «እስቲ እንደገና እየው» እያሉ በሩ መቆለፉን ሦስት ጊዜ እሱን ልከው ሳያረጋግጡ አይተኙም ነበር። ስሙም የወጣላቸው ከዚያ ነው።

በ1979 ዓ.ም. በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1985 ሁለተኛውን ተቀበሉ። በ1986 ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው «አሳንሰር የምጠግነው እኔ፣ ደረጃ የምትወጣው እሷ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ሠላሳ ዓመት ያህል የሠሩት ደቃቅ ቅንጣቶችን አፍጥነው በጨረር መልክ ለሚልኩ ማሽኖች ማግኔት በሚፈተሽበት ቤተ ሙከራ ነው። ማግኔቱ ጨረሩን ሳያወላግድ መምራቱን ይለኩ ነበር። ኋላ የመጡት ማግኔቶች የሚጠመጠሙት፣ ሲቀዘቅዝ ኮረንቲ ያለ እንቅፋት በሚያሳልፍ ጠፍጣፋ ሪባን ነው። ይህ ሪባን ያለፈበትን አይረሳም። የኮረንቲው መጠን አንድ ሆኖ ሳለ፣ ከዝቅተኛ መጠን ከታች ወጥቶ ሲደርስና ከከፍተኛ መጠን ከላይ ወርዶ ሲደርስ የማግኔቱ ጉልበት ይለያያል፤ ከታች በወጣ ኮረንቲ የተገኘው ጉልበት ደግሞ ቀስ እያለ ከልኩ ይንሸራተታል።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. ለአንድ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና የተሠራ ማግኔት ለኩ። ውጤቱ እጅግ ያማረ ነበር። የልጃቸው የምረቃ ቀን ስለነበርም፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደገና ሳይለኩ ፈረሙ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ደብተራቸውን ሲያገላብጡ ክው አሉ። ያን ዕለት ኮረንቲው በስሕተት ከልኩ ትንሽ አልፎ ተመልሶ ነበር፤ ያማረው ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው። ሆስፒታሉ ግን ኮረንቲውን ከታች ብቻ ነው የሚያወጣው። በሕክምናው መካከል ጨረሩ ከዕጢው ወደ ጤነኛው አካል ሊሄድ ይችላል። ማሽኑ ለሕሙማን ሊከፈት ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

ወዲያው ሄደው ለአለቃቸው ነገሩ። አለቃቸው «ፀጉር ለማታክል ልዩነት በሽተኛ እናስጠብቅ?» አሏቸው።

«ፀጉሯ የምታርፈው የሰው አከርካሪ ላይ ነው» አሉና ፊርማቸውን ሰረዙ።

ፍርሃታቸው ግን ባሰ። መክፈቻው አራት ወር ተራዘመ፤ ተራ የሚጠብቁ ሕሙማን ነበሩ። ከሕሙማኑ ሁለቱ ሳይታከሙ ማረፋቸውን ሰሙ፤ ይህንንም እስከ መጨረሻው ለራሳቸው አላቃለሉትም። በእነዚያ ወራት ማግኔቱን ደጋግመው ለክተው አንድ ገጽ መመሪያ ጻፉ። ኮረንቲው ሆን ተብሎ ከልኩ ትንሽ ያልፋል፣ ይወርዳል፣ አርባ ደቂቃ ይጠበቃል፤ ሰው የሚተኛው ከዚያ በኋላ ነው።

በ2014 ዓ.ም. እሳቸው ራሳቸው አከርካሪያቸው ላይ ዕጢ ተገኘባቸው። የሚታከሙበት ማሽን ያው እሳቸው ማግኔቱን የለኩት ማሽን ነው። ሲያስተኟቸው ማሽኑን ወደምታንቀሳቅሰው ባለሙያ ዞሩ።

«ልጄ፣ ኮረንቲው ከላይ ነው የወረደው?» ብለው ባለሙያዋን ጠየቋት።

«ከላይ ነው እናቴ። አርባ ደቂቃውም ሞልቷል። መመሪያው ይኸው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።»

«እስቲ እንደገና እዪው» አሏት። አየችላቸው።

ሠላሳ ጊዜ ታከሙ። ሠላሳውንም ጊዜ ፈሩ፣ ሠላሳውንም ጊዜ ጠየቁ። ጨረሩ ንቅንቅ አላለም፤ በእግራቸው እየሄዱ ሁለት ዓመት ኖሩ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ሳንባቸው ላይ ወጣ።

በመጨረሻው ከሰዓት በኋላ ለወንድማቸው «እፈራለሁ» አሉት። ዕድሜውን ሙሉ «አይዞሽ እትዬ፣ ምንም የለም» ሲላቸው ኖሯል። ያን ዕለት ግን አልቻለም፤ «እኔም እፈራለሁ» አላቸው። አልጋቸው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት፤ እጁንም ያዙት። ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና ወንድማቸውን ትተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ምንም ነገር እንደገና መለካት በማያስፈልግበት ስፍራ ያሳርፍልን። ዛሬ አስከሬናቸው ከቤት ሲወጣ፣ በሩን ወንድማቸው ሦስት ጊዜ አይቶታል።