መድረክ ላይ ያነሳኸው ናስ

ካርቱም፣ ካላክላ
ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለናስራ አባት፣ ለዛኪር፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ደህንነትህን አልጠይቅም። ካይሮ ላይ ከረባት አስረህ፣ ጉንጭህ ሞልቶ ሽልማት ስትቀበል ጎረቤታችን ኒዕማ በስልኳ አሳይታኛለች። እኔና ናስራ አልሃምዱሊላህ አለን። በስልክ ብነግርህ ስለምትዘጋብኝ ነው የጻፍኩት።

«የፈጠራ ባለሙያና በጎ አድራጊ» ብለው አጨበጨቡልህ። ብስክሌት እየነዱ ከጉድጓድ ውሃ የሚያወጡበትን መሣሪያ እንዴት እንደሠራህ፣ በጦርነቱ ወራት የካላክላን ድሃ እንዴት በነጻ እንዳጠጣህ ተናገርክ። ከዚያ ዓይንህን በጨው አጥበህ «ለእናቴ ለፋጤ ሰደቃ ይሁንልኝ» አልክና እንባህን ጠረግህ። ኒዕማ «ማሻአላህ፣ ያ ዘኪያ! ባልሽ ሰው ሆነ፣ ወላሂ!» እያለች ጀርባዬን ትመታለች። እኔ ተነስቼ ግቢ ወጣሁ።

ከፍ አድርገህ ለሕዝቡ ያሳየኸውን ናስ አወቅሁታ! ከመሣሪያው ቱቦ ውስጥ ሆኖ ውሃውን ስቦ የሚያወጣው እሱ ነበር። ጦርነቱ በተነሳ በሁለተኛው ወር «ካይሮ ላሉ አዋቂዎች አሳይቼው በወሩ እመለሳለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብለህ ፈታኸው፣ በፎጣ ጠቅልለህ ሄድክ። ከዚያ ወዲያ ብስክሌቱን ብንነዳው ጠብ የሚል ነገር የለም፤ ጉድጓዱም አፉ ጠባብ ነው፣ ባልዲ አያስገባ።

እናትህ እንዴት እንደሞተች አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ቧንቧው ተቋርጦ ነበር፤ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ ይተኮሳል። ትኩሳት ያዛት። «ትንሽ ሞያ ስጪኝ ልጄ» ትለኛለች፤ እንደምታውቀው ውሃን በዐረብኛ ነው የምትጠራው። ቤት ውስጥ የቀረው አንድ ጆግ ነበር። ጨርቅ እያራስኩ ከንፈሯን አበስኩላት። «ልጄ የሠራው አለ አይደል? ከእሱ ቅጂልኝ» አለችኝ። ምን ልበላት? «እሺ» አልኳት። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ከሞተች በዘጠነኛው ቀን አንዱን የአርብ ጫማህን ቆራረጥኩና ቆዳውን እንጨት ላይ ቸንክሬ በናሱ ቦታ ከተትኩት። ያስጠላል፣ ያንጠባጥባል፣ ግን ውሃ ያወጣል። ለምን በሕይወት ሳለች አልመጣልኝም እያልኩ እስከ ዛሬ አለሁ። አንተን ስጸየፍ ራሴንም አልማርኩም።

ሸላሚዎችህ ደውለው ነበር። ሐሙስ መጥተው ሊቀርጹን ነው፤ «ባሌ አጠጣን» በይ አሉኝ። አልልም። በራችን ላይ ለመንገደኛ ውሃ የሞላ የሸክላ ዚር አኑሬያለሁ፤ ከእሱ የጠጣ ሁሉ «አላህ ፋጤን ይማራት» ብሎ ያልፋል። እሱን ይቅረጹ። ስለ አንተ ከጠየቁኝ ግን ለአንተ የነገርኩህን እነግራቸዋለሁ።

ናሱን በሰው እንዳትልከው። ራስህ አምጣና በቦታው መልሰው፣ ብስክሌቱን ራስህ ንዳ፣ የመጀመሪያውን ባልዲ ተሸክመህ መቃብሯ ላይ አርከፍክፍላት። እኔ «እሺ» ብያታለሁ።

አላህ ልብ ይስጥህ፤ በሰላም ያግባህ።

የናስራ እናት
ዘኪያ