ውበቴ የበላችበት ደቦ

ለውድ እኅቴ ለሀብትነሽ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ናፍቆቴን ልጻፈው ብል ወረቀቱ አይበቃኝም፤ ከዓባይ በረሃ ይሰፋል። ባለቤትሽ ጋሼ ይርሳው ደኅና ናቸው? ትንሹ ገላው ጥርስ አበቀለ? የአሰብ ሙቀትስ በጥቅምት እንኳ በረድ አይልላችሁም? እኔ ቸሩ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ሞጣም ዝናቡ አባርቶላት፣ ባቄላው እሸት ይዞላት አምሮባታል።

እምዬ ከቢቸና አስጽፈው የላኩልሽ ደብዳቤ ክው እንዳደረገሽ አውቃለሁ። «ልጅሽ ውበቴ እኅትሽ ባንቺዓለም ዘንድ ተቀምጣ ልትሞትብን ነው፤ ከትምህርቷ አውጥቼ ወደ ቢቸና እወስዳታለሁ» ብለውሽ የለ? በይ እንግዲህ ልብሽን አሳርፊ። ነገሩ በደስታ ስላለቀ ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ።

መክሳቷስ እውነት ነበር፣ አልዋሽሽም። አሰብ ያሳደገችው ድንቡሽ ያለ ጉንጯ ሟሽሾ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ነበር። ለካ ትምህርት ቤት እንደገባች ሰሞን በዕረፍት ሰዓት ዳቦዋን አውጥታ፣ እንደ እናንተ አገር ልጅ ሳታፍር ገመጥ ገመጥ ስታደርግ ወንዶቹ አይተው «ሆዳሟ አሰብ» የሚል ስም አውጥተውላት ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት አፏን አልከፈተችም። ቤትም ስትመጣ «ጠግቤያለሁ አክስቴ» ነው። የኛን አገር ነውር ታውቂው የለ፤ ሴት ልጅ ሰው እያየ ከበላች አለቀላት። ልጅሽ ይህችን ክፉ ትምህርት ከሒሳቡ ቀድማ አጠናቻት!

እሷ ብቻ መስላሽ? የገጠሩ ልጅ ከቤቱ ያመጣውን ድርቆሽ ተከራይቶ በሚያድርበት ክፍል ደብቆ ይመጣል። የእስላሙም ልጅ፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ ልጅም፣ አንዱ ሌላውን እያየ ጾሙን ይውላል። በኋላ አንድ ቀን ባንዲራ ሲሰቀል ውበቴ ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ወሬውም ከእኔ ደብዳቤ ቀድሞ ቢቸና ገባ።

እኔ የቤት አያያዝ መምህርቷ ምን ይዋጠኝ! ሰሌዳው ላይ «ሰውነት ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ» ስል እውላለሁ፣ የገዛ ቤቴ ልጅ በረሃብ ትወድቃለች። ጤና ረዳቱን ዲንሳን ጠራሁት። የወለጋ ሰው ነው፤ ወርቅ የሆነ ልጅ፣ ግን የዋህ። ክፍል ገብቶ «ቁርስ የበላችሁ እጅ አውጡ» ቢላቸው እጅ ያላወጣ የለም። «እትዬ፣ ሁሉም በልተዋል እኮ» ብሎኝ ደስ ብሎት ወጣ። ወይ ዲንሳ! የጎጃም ልጅ በልተሃል ወይ ተብሎ ይጠየቃል? ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆም «አሁን ነው የበላሁ» ነው የሚልህ።

በዚህ መሐል እምዬ በበቅሎ ከች አሉ። ገና ቁጭ ሳይሉ «ልጂቱን ቡዳ በልቷታል። ጠበል አስጠምቄ ከኔው ጋራ አኖራታለሁ፤ ትምህርቱ ይቅርባት» አሉ። ያቺ ሐኪም እሆናለሁ የምትል ልጅሽ ጓዳ ገብታ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። እግራቸው ላይ ወድቄ ትንሽ እንዲታገሡኝ ለመንኋቸው። «እስከ ሐሙስ እህል ስትበላ በዓይኔ ካላየሁ በቅሎዬን እጭናለሁ» አሉኝ። እምዬ ካሉ ደግሞ አሉ ነው።

ማክሰኞ አዲስ የሸክላ ድስት ገዛሁ፤ የክርስቲያንም የእስላምም ሥጋ ያልነካው፣ ማንም እንዳይጠየፈው ብዬ። ጎመኑን፣ ድንቹን፣ ካሮቱን ከባቄላ ክክ ጋር በኑግ ዘይት ሠርቼ ትምህርት ቤት ወሰድሁት። ሽታው ብቻ ያጠግባል! «ኑ ብሉ» ብል አንዱ «ጠግበናል»፣ አንዱ «እግዜር ይስጥልን»፣ አንዱ «አላህ ይስጥልን»። ድስቴን እንዳለ ተሸክሜ ተመለስሁ። እምዬ ያንን አይተው ለመንገዱ ብለው ለበቅሏቸው ገብስ መስጠት ጀመሩ።

ድስቱን ተክዤ ሳየው አባታችን ትዝ አሉኝ። በደቦ ቀን፣ ሰው ቤት ውኃ የማይቀምሰው ጎረቤት ሁሉ ማሳችን ዳር ተደርድሮ እንዴት ይበላ እንደነበር ታስታውሻለሽ? የደቦ እህል ነውር የለውም፤ እንዲያውም ሳይበላ የሄደ ባለደቦውን አዋረደ። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ፣ አረም የዋጠውን የትምህርት ቤቱን ጓሮ ተማሪዎቹን በምርት ዘመቻ ላሳርም አልሁት። ዘመቻ የሚል ቃል ሰምቶ ምኑን ይከለክለኛል!

ሐሙስ እምዬንም ይዣቸው ሄድሁ፤ ተማሪዎቹም ወጡልሽ። ሲያርሙ፣ ሲቆፍሩ፣ ሲዘፍኑ ጓሮው ሠርግ ቤት መሰለ። ሲጨርሱ ድስቴን አወጣሁ። አሁንም አንዱ በሌላው ጀርባ ይሸሸጋል! ይኼኔ ዳር ተቀምጠው ያዩ የነበሩት እምዬ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ብድግ አሉ። «በሞቴ! የልጄን ደቦ ረግጦ የሚሄድ ማነው? አፈር ስሆን ብሉ!» ብለው በመሐላቸው ዞሩ። የውበቴ ጓደኛ ዘይነባ «እማማ በሞቴ ካሉማ» ብላ እጇን ታጥባ ቀረበች፣ ውበቴንም ጎትታ አስቀመጠቻት፤ ሌላውም ተከትሎ ከበበ። ልጅሽ ቀና ብላ ስም ያወጡላትን ወንዶች አየች። እነሱማ ጎርሰው ጎርሰው ምን አፍ አላቸው! አንድ ጎረሰች። ደገመች። ከዚያማ ማን ይመልሳት!

እምዬ ቆመው እያዩዋት እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ለካስ የልጄን ሥጋ የጨረሰው ቡዳ ይሉኝታ ኖሯል!» ቢሉ ተማሪው በሣቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሣቀችው ውበቴ ናት።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ደቦ ነን። ጎመን የድኻ ነው እያሉ ይንቁ የነበሩት ወንዶች ድስት ይጠርጋሉ፤ የዘይነባ እናትም ሽምብራ ንፍሮ ይልኩልናል። በዕረፍት ሰዓትም መደበቅ ቀርቷል። ዲንሳም በላችሁ ወይ ማለቱን ትቶ በሞቴ ማለት ለምዷል፤ በወለጋ አነጋገር ሲላት እንዴት ደስ ትላለች መሰለሽ! እምዬም በውበቴ ፈንታ በቅሏቸው ላይ አንድ ከረጢት ካሮት ጭነው ቢቸና ገቡ።

ጋሼ ይርሳውን እጅ ነሥታለች በይልኝ። ገላውን ጉንጩን ነክሰሽ ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን ይርጋነሽንም፣ ስሜን ለሚጠራ ሁሉ ሰላም በይልኝ። ዲንሳና ዘይነባም ሳያውቁሽ ሰላም ይሉሻል። ውበቴ ራሷ ሁለት መስመር እንድትጨምርልሽ ብዕሩን ብሰጣት እጄ ወጥ ነክቷል ብላ መለሰችልኝ። ይኸው ደግሞ ከማዕዱ ሆና «አክስቴ፣ ይጨመርልኝ!» እያለች ትጣራለች። ልነሣ እታለም፣ ልጅሽ ርቧታል።

እኅትሽ ባንቺዓለም
ሞጣ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1974 ዓ.ም.