ሚኒሞ ያጣው የጀልባ ሞተር

ኅዳር 29፣ 2008

ቦጂያ ስሜን አጠፋ። እድር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄን ቶሌራን ለወታደር የጠቆመው ይገዙ ነው» አለ። ውሸት ነው። የስንት ዘመን ጎረቤቴ!

ከትናንት ወዲያ የወታደሮች መኪና ፈልቶ ጋራዤ በር ላይ ቆመ። ውሃ ለመኑኝ፤ ሰጠሁ። ውሃ ለለመነ ይከለከላል? ቡራዩ ውስጥ ማን ከልክሎ ያውቃል? ከሰዓት በኋላ በማስተር ፕላኑ የተቆጡት ተማሪዎች መንገድ ዘጉ። ተኩስ ሆነ፤ ልጆቹ ተበተኑ። ቶሌራ ወደ ቤት አልተመለሰም፤ ወታደር ወሰደው ተባለ። እኔ ምን አደረግሁ?

ከሱሉልታ የመጣ የወፍጮ ሞተር ፈትቼ አጠብኩ። ሌላ ሥራ የለም።

ኅዳር 30

ማንም ሰላም አላለኝም። ባለቤቴ የሺሃረግ «ሄደህ አስረዳው እንጂ፣ አንተ ሰው» ትላለች። ያላደረግሁትን አላስረዳም።

ታኅሣሥ 1

ዲኖ መጣ፣ ከቦጂያ ጋር ከሰፈራችን በላይ ያለውን የውሃ ግድብ የሚጠብቀው። የጀልባቸውን ሞተር በጋሪ ጭኖ።

«ጋሼ ይገዙ፣ ሚኒሞ አልይዝ አለ። ቤንዚን ሲሰጡት ደህና ነው፤ ቀስ ሲያደርጉት ይንዘፈዘፍና ይጠፋል።»

«ታዲያ ቀስ አታድርጉት።»

ጋሪውን ተደገፈ። ከዚያ... «የቶሌራን ጃኬት ውሃው ዳር አገኘነው። ውሃው ውስጥ መንጠቆ እየጎተትን ነው የምንፈልገው። በፍጥነት አይሆንም።»

«ቦጂያ ነው የላከህ?»

«አያውቅም። ሰበታ እወስደዋለሁ ነው ያልኩት።»

የሰበታ መንገድ በድንጋይ መዘጋቱን ቦጂያ አልሰማም? ... ሞተሩን አወረድኩ።

ታኅሣሥ 2

አሮጌ ነው፤ እንደ እኔ። ካንዴላው ጠቁሯል፤ ቀየርኩ። ካርቡሬተሩን ፈታሁ። ለሚኒሞ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀጭን ቀዳዳ በዝቃጭ ተደፍናለች፤ አጥቤ ነፋኋት። ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ነክሬ አስነሳሁት። ተንዘፈዘፈ፤ ጠፋ። አየር ይስብ ይሆን? ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን፣ አየር የምትከለክለውን ወረቀት በአዲስ ተካሁ። ያው ነው።

የሺሃረግ እየሳለች በሩን በረገደችው። «በዚህ ጭስ ታፍነህ ልትሞት ነው?»

በሩን የዘጋሁት ሰው እንዳያይ ነበር... የማንን ሞተር እንደምሠራ። ንፋስ ሲገባ ድምፁ ተቃና። ለካ የራሱን ጭስ ሲስብ ነው የዋለው! ይህን እንዴት አጣሁት?

አሁንም ጥቂት ይወላከፋል። በርሜል ግን ጀልባ አይደለም። ሚኒሞ በደንብ የሚስተካከለው ውሃ ላይ፣ ጀልባውን እየገፋ ነው። መሄዴ ነው ማለት ነው።

ታኅሣሥ 3

ግድቡ ጋ ቦጂያ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። ጀልባው ውስጥ ገባሁ፤ ሞተሩን ገጥሜ አስነሳሁ። እሱ መሪውን ያዘ። የሚኒሞዋን ብሎን ትንሽ ፈታሁ፤ ተንዘፈዘፈ። መለስኳት። በእጄ «ቀንስ» አልኩት፤ ቀነሰ። ደግሞ «ቀንስ»። ሊጠፋ ሲል በጣም ጥቂት አዞርኳት... ያዘ። አንድ ወጥ ድምፅ። ጀልባው ከሽማግሌ እርምጃ ቀስ ብሎ ሄደ።

ልውረድ? ቢጠፋባቸውስ? አልወረድኩም። ዲኖ መንጠቆውን ጣለ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሣሩ ከበዛበት ጥግ፣ ገመዱ ተወጠረ።

ቦጂያ «አጥፋው» አለኝ። ስሜን ካጠፋ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። አጠፋሁት።

ታኅሣሥ 4

ቶሌራን ቀበርነው። ከተኩሱ ሲሸሽ ውሃው ውስጥ ገብቶ ነው። ዋና አያውቅም ነበር።

ታኅሣሥ 12

ሽማግሌዎች መጡ። ቦጂያ አብሯቸው፣ ለይቅርታ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ። በወጉ፣ የተበደለ በደሉን አንድ በአንድ ይናገራል፤ ከዚያ በዳዩ ይቅርታ ይጠይቃል።

«ኦቦ ይገዙ፣ ይናገሩ» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

ቦጂያ መሬት መሬት ያያል። ጢሙን አልተላጨም። ምን ልበል? ልጅህን ማንም አልያዘውም፣ አንተ እኔን ስትከስ እሱ ውሃ ውስጥ ነበር... ይህን ልንገረው? ሐዘኑ አይበቃውም?

«የምናገረው የለኝም።»

«ካልተናገሩ እርቅ አይሆንም።»

«እንግዲያው አይሁን።»

አንደኛው «ኧረ ይሄ ሰውዬ! ድንጋይ!» ብሎ ተነሣ። ይበል። ሣሩን ከቦጂያ እጅ ተቀበልኩና «ተቀመጥ» አልኩት። ተቀመጠ። እስኪመሽ ተቀመጥን።

ሲሄድ የሺሃረግ «ሆድህ ውስጥ ምን ቀረ?» አለችኝ። ለቦጂያ ያልነገርኩትን ለእሷም፣ ለሽማግሌም፣ ለዚህ ወረቀትም ከእንግዲህ አልናገርም።