ሰመራ የቀረው ደምህ

የቤቴ ሰው፣ ሁመድ ሆይ፤

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከስድስት ቀን ሆነ። አላህ ማረፊያህን ያቀዝቅዝልህ። እዚህ አዋሽ ሙቀቱ ያው ነው። በረንዳውን አሳድሻለሁ፤ አናጢው ምሰሶውን አጣሞ ስላቆመው አስነቅዬ እንደገና አስተክዬዋለሁ። ብታይ ትስቅብኝ ነበር። ከባድ መኪናህን የገዛው ሰው ሰማያዊ ቀብቷታል፤ ስታልፍ ግን በድምጿ አውቃታለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ደምህ ነው። ከካላዛር ከዳንክ በኋላ ልጃችን ዘሀራ ለምርምር ብላ ከክንድህ የቀዳችውን ታስታውሳለህ? ሰውነትህ በሽታውን እንዴት እንዳሸነፈ ማወቅ ፈልጋ ነበር። አንተም ከፈለግሽ በርሜል አምጪ ብለህ እጅጌህን ሰበሰብክ። ከደምህ ውስጥ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁትን ሕዋሳት ለይታ፣ በትንንሽ ብልቃጥ ከፋፍላ፣ ሰመራ በምትሠራበት ቤተ ሙከራ አቀዝቅዛ አስቀመጠቻቸው። ባለፈው ወር አንዲት ብልቃጥ ብቻ እንደቀረችና እሷንም አቅልጣ ልትመራመርባት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ፈቃድህን በፊርማህ ሰጥተሃልና እኔን መጠየቅ አይጠበቅባትም ነበር፤ ግን እማ፣ አንቺ ካላልሽ አልነካትም አለች።

እምቢ አልኩ። ብልቃጧ ካልተነካች ዓመታት ትቆያለች፤ ከቀለጠች ግን ሕዋሳቱ አድገው ዐሥር ቀን ቢኖሩ ነው። አፈር ያልበላው አንድ ነገርህ እዚህ ምድር ላይ ነበረ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር እዚያ በረዶ ውስጥ ቀስ ብለህ ስትተነፍስ አይህ ነበር።

ሆኖም ቦታውን ልየው ብዬ ሰመራ ሄድኩ። መንገዱ ከሙቀቱ የተነሣ ውሃ መስሎ ይርገበገባል፤ አውቶቡሱ የሚሄድ ሳይሆን የሚንሳፈፍ መሰለኝ። ቤተ ሙከራው በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ወሎዬ በዘሀራ ታሾፋለች፤ ሰመራ ላይ ተቀምጣ ማሞቂያ ሳጥን ያስገዛች ሴት አንቺን አየሁ ትላታለች። ሕዋሳቱ የሚያድጉበት ይህ ሳጥን ግን እኔ የምወደው ዓይነት ነው፤ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ካለ ሠላሳ ሰባት ነው።

ዘሀራ ከሌላ ሰው ደም ያሳደገቻቸውን ሕዋሳት በአጉሊ መነጽር አሳየችኝ። ሮዝ ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። በየሦስት ቀኑ ትመግባቸዋለች፤ ዒድም ቢሆን። መጀመሪያ ክብ የነበሩት በሳምንት ውስጥ ክንድ አውጥተዋል፤ ቀጫጭን፣ እንደ ግራር ቅርንጫፍ። እንግዳ ነገር ሲያገኙ ይዳስሱታል፤ ከዚያ ያገኙትን ለሌሎቹ ያደርሳሉ፤ ሥራቸው ይህ ነው አለችኝ።

ይህ የናንተ የአፋሮች ዳጉ አይደለም እንዴ? መንገድ ላይ ሰው ካገኘህ መኪናውን ጥግ አቁመህ፣ ቁጢጥ ብለህ፣ ያየኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነግረህ፣ የእሱንም ሰምተህ ነበር የምትነሣው። እኔ ጋቢና ውስጥ ሰዓቴን እያየሁ እነጫነጫለሁ። አንድ ቀን ሚሌ አጠገብ ተመልሰህ ስትገባ፣ ወሬ ይዞ ዝም ያለ ሰው ሌባ ነው ብለኸኛል። ያን ቀን ሰዓቴን አሳይቼህ ንዳ አልኩህ። አሁን ግን ገባኝ፤ ብልቃጧን ወሬ ይዛ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነበርኩ።

ፈቀድኩ። ዘሀራ አቀለጠቻት፤ እኔም እሷ ዘንድ ሰነበትኩ። በሰባተኛው ቀን አየኋቸው፤ ክንዳቸውን ዘርግተው በሮዙ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። አንተ ናቸው አልልም፤ ያልሆነ ነገር አልጽፍም። ነገር ግን አሰላሙ ዓለይኩም ብያለሁ። ዘሀራ የካላዛሩን ተህዋስ ጨመረችባቸውና ያደረጉትን ሁሉ መዘገበች። ምን እንደነገሯት ገና እያጣራች ነው። በዐሥረኛው ቀን እንደ ደንቡ በረኪና ፈስሶባቸው ተደፉ። ቆሜ አየሁ። አላለቀስኩም ብልህ ውሸት ነው።

ሁመድ፣ ከእንግዲህ ሰመራ የቀረ ነገር የለህም። ከአፈሩ ሌላ ያለህ ቦታ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም አርጅቻለሁ። ስለዚህ ለዘሀራ ስላንተ የማውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ መንገር ጀምሬያለሁ፤ ደግነትህንም፣ ግትርነትህንም፣ ማንኮራፋትህንም ጭምር።

ባለቤትህ ከድጃ