ባትሪው ሳይሞላ ቁልፍ አልሰጥም

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

በመካነ ሰላም ገበያ የሚወራው ሐሰት ነው። የልጄን የአልማዝን የሞተር ሳይክል ቁልፍ የያዝኩት ሴት ልጅ መንዳቷን ጠልቼ አይደለም። አልማዝ አዋላጅ ናት። ባለፈው ሐሙስ በከላላ መንገድ ሞተሩ አልነሳ ብሏት፣ ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ዘግይታ ደረሰች። ሴትዮዋ ተርፋለች፤ ሁለተኛ ግን በዕድል አልተማመንም።

መካኒኩ ሰይድ ዛሬም መጣና «ወላሂ እትዬ፣ ባትሪው ሞቷል፤ ሌላ ይግዙ» አለ። ከተገዛ ገና ወሩ ነው አልኩት። ቴስተሩን ተቀብዬ ራሴ ለካሁ። ሞተሩ ጠፍቶ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠውም ያው አሥራ ሁለት። ወደ አሥራ አራት መውጣት ነበረበት። ባትሪው የሚሞላው አጣ እንጂ አልሞተም።

«እትዬ፣ እኔንም እንደ ተማሪዎችዎ በፈተና ሊጥሉኝ ነው» ብሎ ሳቀ።

«ካላጠናህ ትወድቃለህ» አልኩት።

ኮርቻውን አንስተን ሬክቲፋየሩን አየን። ባትሪው የሚሞላው በእሱ በኩል ነው። አማቼ ለጥምቀት ሞተሩን ሲያሳምር ፈትቶት ኖሯል፤ የሚታሰርበትን ብረት አረንጓዴ ቀብቶ በቀለሙ ላይ መልሶ አስሮታል። ኤሌክትሪክ በቀለም አያልፍም። ልንፍቀው ስንል ሰይድን ሌላ ደንበኛ ጠራው፤ መፍቻውም አብሮት ሄደ።

ነገ በማለዳ መፍቻውን ከሰይድ ቤት ማምጣት። ቀለሙን ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ አጥብቆ ማሰር፣ እንደገና መለካት። ከሁሉ በፊት ግን የጎረቤቴን በቅሎ መለመን፤ አልማዝን ሦስት ሰዓት ላይ የምትጠብቃት ነፍሰ ጡር አለች።