የእናታችንን ዓይን ማን ክፈት አለው?

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? አባባስ እንደምን አለ፣ ጉልበቱ ደረጃውን ያስወጣዋል ወይስ አሁንም ታች ቤት ነው የሚያድረው? ባለቤትሽ፣ መንትዮቹ፣ ትንሿ እህታችን፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር አካሌ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ሌላው ነገሬ ነው። ሰላምታውን ዘልዬ በቀጥታ ወደ ቁጣዬ ልገባ ነበር፤ ግን እናታችን የሰው ጤና ሳይጠይቁ ጠብ መጀመር ነውር መሆኑን አስተምራናለች፣ ስለዚህ ጠይቄያለሁ። አሁን ተቀመጪ። ቆመሽ የምታነቢው ደብዳቤ አይደለም።

በስልክ ያልተናገርኩት ወድጄ አይደለም። በስልክ ከሆነ እኔ እጮሃለሁ፣ አንቺ ታለቅሺያለሽ፣ ከዚያ እኔው ይቅርታ ጠይቄ እዘጋለሁ፤ ሁልጊዜም አሸናፊዋ አንቺ ነሽ። ወረቀት ላይ ግን ብታለቅሺም አልሰማሽም።

የላክሽልኝን ምስል በስልኬ አየሁት። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በወርቃማ ፍሬም ሰቅለሽ፣ "እማዬን ተመልከታት፣ እንዴት እንዳማረባት!" ብለሽ። ተመለከትኳት። ከኋላዋ ፏፏቴ ይወርዳል። አንገቷ ላይ የጣት ውፍረት ያለው ሐብል ተንጠልጥሏል። ፊቷ ዱቄት የተነፋበት መስሏል። ሁለቱም ዓይኖቿ እኩል ተበልጥጠው ያፈጡብኛል። እታለም፣ ደሜ ፈላ። ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። እናታችን በሕይወቷ ፏፏቴ አጠገብ ቆማ አታውቅም፣ ሐብል አጥልቃ አታውቅም፣ ሰው ላይ አፍጥጣም አታውቅም!

አባባ አይቶ "ሐብሉን ማን ገዛላት?" አለ ብለሽ እንደ ቀልድ ጽፈሽልኛል፤ ከሥሩም የሳቅ ምልክት ደርድረሽበታል። አባባ እኮ አልቀለደም። ሃያ ምናምን ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ነው። ምን እንደገዛላትና ምን ሳይገዛላት እንደሞተች ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ ያን መስመር ሳነብ ሳቅ አልመጣልኝም።

ለጎረቤት ስለ ሥራዬ ስትናገሪ "ፎቶ ያጥባል" እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ተቀይሜሽም አላውቅም። ዛሬ ግን አንዴ በደንብ ልንገርሽ። የምሠራው የሥዕልና የፎቶ ማተሚያ ቤት ነው፤ እኛ ዘንድ የሚመጡት ሠዓሊዎችና ፎቶ አንሺዎች ናቸው። ሥራቸውን ይዘው የሚመጡት እነሱ ካለፉም በኋላ እንዲቆይላቸው ነው። ወረቀታችን ከጥጥ የተሠራ ነው፤ ከእንጨት የሚሠራው ተራ ወረቀት ውስጡ አሲድ ስላለ እያደር ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራል። ቀለማችንም ፀሐይ ስላየ ብቻ ብን ብሎ የሚጠፋ አይደለም። በባዶ እጅ ወረቀት አንነካም፤ የጣት ላብ ዛሬ ባይታይ ከዓመታት በኋላ እድፍ ሆኖ ይወጣል። አለቃዬን ነግሬሻለሁ፣ እኛ በሹክሹክታ እመት ጓንት የምንላት፣ ከነጭ ጓንቷ ተለይታ የማትታየዋ ሴትዮ። አንድ ቀን ወረቀት አጠገብ አስነጥሼ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም።

የእማዬን ጉርድ ፎቶ ይዤ የገባሁት እዚህ ቤት ነው። ከመታወቂያዋ ላይ የተላጠችውን፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጠዋን፣ ትከሻዋ ላይ የሐምራዊ ማኅተም ግማሽ ያረፈባትን። ከእሷ ሌላ ፎቶ የለንም። በሳሙና ካርቶን አሽገሽ ለመንገደኛ ስትሰጪ ደጋግመሽ አደራ እንዳልሽው ራስሽ ነግረሽኛል። ጠዋት ጠዋት ከሥራ ሰዓት በፊት እየገባሁ ሦስት ሳምንት ሠራሁባት። በስካነር አንስቼ ስክሪን ላይ ሳሰፋት ደንገጥ አልኩ። ከሻሿ ሥር ያመለጠች አንዲት ጸጉር እንኳ ትታያለች። ከዚያ አቧራውንና ጭረቱን ነጥብ በነጥብ ማጽዳት ጀመርኩ፤ የዘወትር ሥራዬ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልደብቅ ልንገርሽ። የግራ ዓይኗ ላይ አንድ ጥላ ነበር። የላይኛው ቆብ ወረድ ብሎ የዓይኗን ግማሽ ሸፍኖታል። እኔ እድፍ መሰለኝ፤ የድሮው ወረቀት እርጥበት ነክቶት የጠቆረ። ከቀኙ ዓይን ቀድቼ ላስተካክለው ስል፣ እመት ጓንት ለካ ከኋላዬ ቆማ ታየኛለች፣ ምን ላጠፋ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እድፍ ነው አልኳት። እርግጠኛ ነህ ወይ አለችኝ። እናቴ ናት እኮ አልኳት። እናትህ ከሆነች ደግሞ ከማጽዳትህ በፊት የሚያውቃትን ሰው ጠይቅ አለችኝና ሄደች።

ያን ዕለት ነው የደወልኩልሽ። አስታወስሽ? የእማዬ የግራ ዓይን እንዴት ነበር ብዬ የጠየቅሁት አንቺን ነው! አንቺም፣ ቆቡ ወረድ ያለ ነበር፣ ሲደክማት ደግሞ ይብስባታል፣ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ በጣቷ ቀና ታደርገው ነበር አልሽኝ። ስልኩን ዘግቼ ስክሪኑን አጠፋሁት። ስትሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያየኝን ዓይን እድፍ አልኩት። ስለዚህ ይህ ሁሉ ቁጣ ከጻድቅ ሰው የሚመጣ አይምሰልሽ፤ እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት። እኔን ግን ያተረፍሽኝ አንቺ ነሽ። እያወቅሽ፣ በአፍሽ እየነገርሽኝ፣ እንዴት ያ ሐብሉን የጨመረባት ባለ ስቱዲዮ ፊት ዝም አልሽ?

ጥላውን እንዳለ ተውኩት። ማኅተሙንም ተውኩት። መጀመሪያ ለሙከራ ያተምኩት ቁራጭ ጠቆረ፣ ሁለተኛው ቀላ፣ አምስተኛው ላይ ነው ቆዳዋ የራሷ የሆነው። አንድ ቀን ሙሉ አደረቅሁት፣ አሲድ በሌለው ካርቶን መሀል አድርጌ ላክሁላችሁ። ሲደርስ ሁላችንም ከበን አየነው ብለሽ ጻፍሽልኝ። ደስ አለኝ፤ ባለሙያ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ የሆነውን አንቺው ነሽ ቁርጥራጩን የላክሽልኝ፤ እኔ የገጠምኩት ብቻ ነው። ትንሿ እህታችን ያን የግራ ዓይን ይዛ እንደተወለደች እኔና አንቺ እናውቃለን። እናታችን ስትሞት ስምንት ወሯ ነበር፤ ድምጿን አታውቅም፣ እጇን አታውቅም፣ አንዲት ትዝታ የላትም። ትምህርት ቤት እንቅልፎ እያሉ ይጠሯታል። ዓይኗን ለመሸፈን ጸጉሯን በግራ በኩል ትለቀዋለች። ፎቶው በደረሰ በሳምንቱ፣ ስለ መንትዮቹ ጉንፋን ስታወሪኝ፣ "ያቺ ልጅ ደግሞ ሰሞኑን ጸጉሯን ወደ ኋላ ማስያዝ ጀምራለች፣ ምን እንደታያት እንጃ" አልሽኝ። ምን እንደታያት እንጃ! እታለም፣ የታያት እናቷ ናት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ዓይን ከየት እንደመጣላት አየች። አሥራ አንድ ቀን ጸጉሯን አስይዛ ከቤት ወጣች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንቺ ኅትመቱን ጠቅልለሽ ስቱዲዮ ወሰድሽው።

ያ ሰውዬ ምን አለሽ? "ደብዛዛ ነው፣ አያንጸባርቅም።" አያንጸባርቅም! የጥጥ ወረቀት የማያንጸባርቀው ጎድሎት አይደለም፤ መስኮት ፊት ለፊት ስትሰቅዪው የራስሽን ፊት ሳይሆን የእሷን እንድታዪበት ነው። ሰውዬው ግን አበራው። ማኅተሙን ፋቀ፣ ፊቷን አነጣ፣ ሐብል አጠለቀላት፣ ፏፏቴ ለቀቀባት፣ እግረ መንገዱንም የግራ ዓይኗን ከፍቶ አረፈው። የእናታችንን ዓይን ማን ክፈት አለው? ፎቶ ማጠብ የምትዪው እንግዲህ ይሄኛው ነው፤ ታጥባ አለቀች።

ይህም አልበቃው ብሎ፣ የእኔን ኅትመት "እንዳይበላሽባችሁ" ብሎ ላሚኔት አድርጎላችሁ አረፈው! እንደ ተማሪ መታወቂያ! አንቺም ደግ ሥራ እንደሠራ ሰው አመስግነሽው ቁም ሳጥን ጀርባ ሸጉጠሽዋል። ያን የመሰለ ወረቀት በትኩስ ፕላስቲክና በሙጫ ሁለት ፊቱን አፍኖት! ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቷል፣ ልላጠው ብትዪ እናታችንን ይዞ ነው የሚላጠው። እመት ጓንት ነገሩን ስነግራት ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጓንቷን አወለቀች። ስድስት ዓመት አብሬያት ስሠራ እጇን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ልክ እንደ ሐዘንተኛ ሻይ አመጣችልኝ።

ለምን ዓይኗን አስነካሽ ብዬ ስጠይቅሽ የመለስሽልኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። አንተ ሩቅ ነህ፣ እንቅልፎ እያሉ ሲጠሯት አትሰማም፣ እናቷ እንኳ ቆንጆ ትሁንላት ብዬ ነው አልሽኝ። እውነትሽን ነው፣ አልሰማም። ስታለቅስ የምታባብያት አንቺ ነሽ፣ ያሳደግሻትም አንቺ ነሽ፣ እኔ ከሩቅ ወረቀት የምልክ ሰው ነኝ። ግን ቆንጆ ትሁንላት ማለት ምን ማለት ነው? እናታችን ምን ሆና ነበር? ልጅቷ በትምህርት ቤት ልጆች አፍ የሰማችውን ስድብ አንቺ በወርቃማ ፍሬም አድርገሽ ሳሎን ሰቀልሽላት እኮ። ያ ዓይን የሚታረም ነገር ነው አልሻት፤ እናትሽ ላይ እንኳ ታርሟል አልሻት። ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ ነፍሴ ታውቃለች፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፣ በክፋት ቢሆን ተጣልተን ይወጣልን ነበር።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ባለፈው እሑድ ራሷ ጻፈችልኝ። መልእክቷ አጭር ናት። "ጋሼ፣ የመጀመሪያዋ እማዬ እኔን ትመስል ነበር። አሁን ሳሎን ያለችው ግን አታውቀኝም" ትላለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም፣ አንቺንም አልከሰሰችም። ጸጉሯን መልሳ እንደለቀቀችው በላክሽው የመንትዮቹ ፎቶ ላይ ከኋላቸው ቆማ አይቻለሁ።

ትናንት ደግሜ አተምኳት። ወረቀቱን እመት ጓንት ራሷ መርጣ ቆረጠችልኝ፤ ለአንድ ትልቅ ሠዓሊ ካተምነው ጥቅል የተረፈ ነው። ዛሬ ይላካል። እሽጉ ላይ የጻፍኩት ስም ያንቺ አይደለም፣ የትንሿ እህታችን ነው። አንቺ እንዳትከፍቺው። ደረጃ ላይ ተቀብለሽ ለእሷ ስጪና ከክፍሉ ውጪ። ልስቀለው ካለች ትስቀለው፣ አልጋዋ ሥር ልደብቀው ካለችም ትደብቀው። የሳሎኑን አውርጂው አልልሽም፤ ቤትሽ ነው። ግን ባለ ስቱዲዮው ደጅ ይህን ይዘሽ ከደረስሽ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሥራዬን ጥዬ መጥቼ ነው የምጣላሽ።

በይ እንግዲህ፣ አባባን ጉልበቱን ስመሽ ሰላም በይልኝ፤ ስለ ሐብሉ የጠየቀው ጥያቄ ልክ ነበር ብሏል በይው። ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ፤ ፍሬሙን ለመስቀል ግድግዳ የበሳው እሱ መሆኑን ባውቅም አልተቀየምኩትም። መንትዮቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ እርስ በርስ መነካከሱን ይተዉ። ለጎረቤቶቻችን የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ለባለ ስቱዲዮው ሰላምታ የለኝም። ለአንቺ ግን፣ እየተናደድኩብሽም ቢሆን፣ ከሁሉ የበለጠ ናፍቆቴ ይድረስሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በሥራችን ወግ ከኅትመቱ ጀርባ፣ ጥጉ ላይ፣ በለስላሳ እርሳስ ወረቀቱና ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደታተመም እንጽፋለን። ይህንንም ጽፌበታለሁ። ከሥሩ ግን ለደንበኛ የማንጽፈውን አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ "ይህን ዓይን እኔ ረስቼው ነበር፤ ያስታወሰችኝ እታለም ናት" ይላል። ስለዚህ ልጅቷ አንብባው ወደ አንቺ መምጣቷ አይቀርም። እንዴት እንደነበር ስትጠይቅሽ ሥራ አለብኝ ብለሽ አትሽሺ። አስቀምጪያትና ንገሪያት።

ወንድምሽ

ከማተሚያ ክፍላችን፣ ወረቀት ከምንቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ
ማክሰኞ ጠዋት፣ ግንቦት 12 ቀን