ማሽኑ ሰላምታ አያነብም

መጋቢት 2 ቀን 1991
ሥራ ደህና ነበር። ሁለት የቤት ክርክር፣ አንድ የጡረታ። አንዲት ሴትዮ ባሏን ልትከስ መጥታ ማመልከቻውን ግማሽ ካደረስኩት በኋላ ሐሳቧን ቀየረች። ዋቅጅራ ሳቀብኝ። እሱም እንደኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፣ ጃንጥላችን ጎን ለጎን።
ቤት ስገባ ውዳሴ በር ላይ ተቀምጣለች። ከሱቅ መምጣቷ ነው። ሱቁ እኮ እዚሁ ነው... "ትንሽ አርፌ ልግባ ብዬ ነው አባዬ።" ከንፈሯ ጠቁሯል። በአሥራ አራት ዓመት ይሄ ምን ይባላል?
የነገ ሥራ፦ ጃንጥላ ማሰፋት። ለታይፑ ሪባን። ሐኪም ቤት ውጤት መቀበል።

መጋቢት 3
የውዳሴ የልብ በር ጠቧል። ሐኪሙ በወረቀት ሣለልን። ልጅ ሆና የጉሮሮ ሕመም ይመላለስባት ነበር፣ ከዚያ የመጣ ነው አለ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። እዚህ አገር አይሠራም። "ሕፃናት እየወሰዱ የሚያሳክሙ የውጪ በጎ አድራጊዎች አሉ፣ ፈልጉ።" የት ነው የሚፈለጉት? አልነገረኝም።
ካልተሠራላትስ? እኔ አልጠየቅኩም። እናቷ ፀሐይወርቅ ጠየቀች። መልሱን እዚህ አልጽፈውም።

መጋቢት 5፣ እሑድ
የአቦ ንግሥ። ውዳሴ ታቦቱን ተከትላ መዞር አቃታት፣ ቅጥሩ ጥግ ተቀመጠች። ጎረቤቶች ምን ሆነች አሉ። "ደም ማነስ ነው" አለች ፀሐይወርቅ፣ ፈጠን ብላ።
ቤት ገብተን በሩን ዘጋች። "ልብ የምትል ቃል ከዚህ ቤት እንዳትወጣ። ነገ የምታገባ ልጅ ናት።"
እሺ አልኩ። ምን ልበል?

መጋቢት 14
ለሊሴን አማከርኳት። ከግቢያችን ሰርቪስ ቤት የተከራየችው፣ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ የሆነችው። ለሷ ብቻ እውነቱን ነገርኳት።
"ቢሯችን ኢንተርኔት ገብቷል ጋሼ ደምሰው። ለምን ፔጅ አንሠራላትም?"
"ፔጅ ምንድነው?"
"ማመልከቻ በሉት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ። ግን ዓለም ሁሉ የሚያልፍበት ግድግዳ።"
ማመልከቻማ እችላለሁ።

መጋቢት 18፣ ቅዳሜ
ተጻፈ። ለሊሴ ቢሮ፣ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ነው፣ አለቃዋ ፈቅዶላታል። እኔ በአማርኛ፣ እሷ ወደ እንግሊዝኛ። ደህና አድርጌ ነው የጻፍኩት። "ለሚመለከተው ሁሉ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ..." ከዚያ ማንነቴ፣ አድራሻዬ፣ የቤተሰቤ ሁኔታ። መጨረሻ ላይ "ልጄ የጤና እክል ስላጋጠማት"። የሐኪሙን ወረቀት ደግሞ በማሽን ፎቶ አንስታ ከሥር አደረገችው። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይታያል።
ማኅተም ያለው ነገር ይታመናል። ትንሽ ቀለል አለኝ።

ሚያዝያ 9፣ ቅዳሜ
ፋሲካም አለፈ። ዛሬ ከለሊሴ ጋር ፔጁን ልናየው ሄድን። ቃል ሲጽፉለት ፔጅ ፈልጎ የሚዘረዝር ማሽን አለ። "ልብ፣ ሕፃን፣ እርዳታ" ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች። መዓት ወጣ። የኛ የለም። ቀጣዩ ገጽ... የለም። ቀጣዩ... የለም።
"እስቲ የርስዎን ስም ልሞክር" ብላ ስሜን ከነአባቴ ጻፈች። አንደኛ ወጣን!
"የኔን ስም የትኛው ፈረንጅ ይጽፈዋል?" አልኳት። ሳቅን።
ያስረዳችኝን ልያዝ፦
አንደኛ፣ ማሽኑ አጥብቆ የሚይዘው ከላይ ያለውን ነው። ከላይ ያለው የኔ ሰላምታ ነው። ማሽኑ ሰላምታ ምን ያደርግለታል?
ሁለተኛ፣ ፎቶ አያነብም። ያ ሁሉ የሐኪም ጽሑፍ ለሱ ባዶ ነው። ማኅተሙም።
ሦስተኛ፣ ርዕሱን ያያል። እኛ "ማመልከቻ" ብለነዋል።
አራተኛ፣ ፈላጊው ምን ብሎ ይጽፋል? እሱን ቃል መጻፍ ነው፣ እኔ ደስ የሚለኝን አይደለም።
"'ልብ' የሚል ቃል እኮ አንድም ቦታ የለም፣ ጋሼ።"
አውቃለሁ። ሆን ብዬ ነው።

ሚያዝያ 11
ከፀሐይወርቅ ጋር ተጣላን።
"ልጄን ለዓለም ልታውጃት ነው?"
"ካልተጻፈ አትገኝም።"
"የሚያውቀን ሰው ቢያነበውስ?"
"መካኒሳ ውስጥ ኢንተርኔት ያለው ማነው ፀሐዬ?"
"የለሊሴ ቢሮ ሰዎች ከሰማይ ነው የወረዱት?"
ውዳሴ ከውስጥ ሆና ሰምታናለች። "እማዬ፣ ደም ማነስ ብለሽ መንደሩ በሙሉ ቀይ ሥር እየያዘ ይመጣል። ቀይ ሥር ሰለቸኝ! ይጻፍና ይለይልኝ።"
ፀሐይወርቅ ሳቀች፣ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። "ጻፈው" አለችኝ ፊቷን አዙራ።

ሚያዝያ 16፣ ቅዳሜ
እንደ አዲስ ጻፍነው። ርዕሱ፦ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋት ልጅ፣ ኢትዮጵያ። ሰላምታ የለ፣ ትሕትና የለ። የመጀመሪያው መስመር ስሟና የበሽታዋ ስም። የሐኪሙን ቃል በጽሑፍ ገለበጥነው።
ሰው ቤት ሳያንኳኩ ዘው ብሎ እንደመግባት ሆነብኝ። ምን ያሉ ባለጌዎች ናቸው አይሉንም?

ሚያዝያ 20
ዋቅጅራ ሰምቷል።
"ለፈረንጅ ማሽን አመለከትክ አሉ። መዝገብ ቁጥር ሰጡህ?"
"አልሰጡኝም።"
"ቀጠሮስ?"
"ማሽኑ ሲመቸው መጥቶ ያነበዋል ነው የሚሉት።"
"ታዲያ ከኛው መሥሪያ ቤት በምን ተለየ?"
ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጅቷ እንዴት ናት?" አለኝ። ደህና ናት አልኩት። ደህና አይደለችም።

ግንቦት 7፣ ቅዳሜ
ሩቅ ነን። ብዙ ገጽ ገልብጠን ነው ያገኘነው። እዚያ ድረስ ማን ይገለብጣል?
አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ማሽኑ ቃል ከወደደ ቃል እንስጠዋ። "ልብ ልብ ልብ" እያልን ከሥር እንሙላው፣ ነጭ ላይ በነጭ፣ ሰው እንዳያየው። ለሊሴ ቅር አላት። እኔ ነኝ የገፋኋት።

ግንቦት 28፣ ቅዳሜ
ጠፋን። ጭራሽ! በስሜም ብትጽፍ አይወጣም። ማጭበርበር አድርጎ ቆጥሮት ነው አለች ለሊሴ፣ አውጥቶ ጣለን።
ቸኩዬ ነው። ጉቦ የማይበላ ማሽን መኖሩን በምን ልወቅ?
ውዳሴ አሁን ጋደም ብላ መተኛት አትችልም። ትራስ ደራርበንላት ተደግፋ ነው። እግሯም ማበጥ ጀምሯል።

ሰኔ 5
እንደገና ከዜሮ። አዲስ አድራሻ፣ ንጹሕ ጽሑፍ፣ ተንኮል የለበትም።
ለሊሴ ሌላ ነገር ጠይቃ መጣች። ሌሎች ፔጆች "እዚያ ሂዱ" ብለው ወደኛ ከጠቆሙ ማሽኑ ያከብረናል። "እንደ ምስክር ነው ጋሼ። ደህና ስም ያለው ምስክር ሲሆን ይበልጣል።"
ይሄ ገባኝ። ለየፔጁ ባለቤት መለመኛ ጻፍን። ውጪ አገር ያለ የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን፣ አንዲት ነርስ፣ የተማሪዎች ማኅበር...

ሰኔ 26
ነርሷ እሺ አለች። ቤተ ክርስቲያኑም። ሌሎቹ ዝም።
ዝናቡ ጀመረ። ብርዱ ያስላታል።

ሐምሌ 10፣ ቅዳሜ
አንደኛ!
"ልብ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃን፣ እርዳታ፣ አፍሪካ" ስንለው ከሁሉ በላይ እኛ። ለሊሴ ብድግ ብላ አጨበጨበች። እኔ ስክሪኑን በጣቴ ነካሁት። የውዳሴ ስም ከላይ ነው።
ፀሐይወርቅ ስነግራት "አሁንስ ይመጣሉ?" አለች። ይመጣሉ አልኳት።

ሐምሌ 24፣ ቅዳሜ
ደብዳቤ መጣ። አራት! ለሊሴ በወረቀት አውጥታቸው በዝናብ እየሮጠች መጣች፣ ገና ራሷም አላነበበቻቸውም። ፀሐይወርቅ ወንበር ጠረገችላት። ውዳሴ ትራሷ ላይ ቀና አለች።
የመጀመሪያው ከዛምቢያ ነው። አባት ነው። ልጁ ቻንዳ ይባላል፣ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ የልቡ በር... "ልባቸው የታመመ ልጆችን እንደምትረዱ ከፔጃችሁ ተረድቼ በትሕትና..."
ሁለተኛው ከህንድ፣ እናት ናት። ያው ነው። ሦስተኛውም ያው። አራተኛውን ለሊሴ በዓይኗ አይታ አጠፈችው።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
ያንን ቃል ማሽኑ ላይ የሚጽፈው ማነው? ልጁ የታመመበት ነው! ረጂ ምን ብሎ ይፈልጋል? ረጂ ይፈለጋል እንጂ አይፈልግም። ይሄንን ሁሉ ወር ስንወጣ የከረምነው ለመሰሎቻችን እንድንታይ ነው።

ሐምሌ 27
ዕድሜዬን ሙሉ "ለሚመለከተው ክፍል" እያልኩ ጻፍኩ። የሚመለከተው ክፍል ማን እንደሆነ አይቼው አላውቅም። አሁን እኔ ሆኜ አረፍኩት።
ዋቅጅራን "ምን ልመልስላቸው?" አልኩት። "እንደ ወጉ ነዋ፣ ዝም በላቸው" አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር። አልሳቅኩም፣ እሱም አልሳቀም።
ለአራቱም መለስኩ። እኛም ፈላጊ ነን፣ ልጄ ውዳሴ ትባላለች፣ መንገድ ካገኘሁ አሳውቃችኋለሁ። ሰላምታውን ከላይ አደረግኩት። ለሰው ነዋ።

ነሐሴ 8፣ ቅዳሜ
የቻንዳ አባት መልሶ ጻፈ። ዝም ስላላላችሁኝ ብሎ ያመሰግናል። እሱ ፔጅ የለውም፣ የሚሠራለትም የለም።
ለውዳሴ ነገርኳት። ከአልጋ መውረድ ከተወች ሰነበተች። ንግግሯም እየተቆራረጠ ነው።
"እኛ ፔጅ ላይ ጻፉለት።"
"እሺ።"
"ከላይ... ማሽኑ ከላይ ያለውን ነው የሚይዘው ብለህ የለ?"
"አንቺስ?"
"እኔ ከሥር። እሱ ልጅ ነው፣ አባዬ።"
እሺ አልኳት።
ከሰዓት ከለሊሴ ጋር ቢሮ ገባን። ስሙን ጻፈች፣ ዕድሜውን፣ አገሩን። ከዚያ ዞር ብላ "ከላይ ነው ከሥር?" አለችኝ። መስኮቱ ላይ ውሃው ይወርዳል።
"ከሥር" አልኩ።
ማታ ስገባ ነቅታ ትጠብቀኛለች።
"ጻፋችሁት?"
"ጻፍነው።"
"ከላይ?"
አዎ አልኳት።